የአምቡላንሱ የኋላ አደጋ መብራት ከፍሬንና ከኋላ ማርሽ ጋር ሲያያዝ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን በጅማ ዞን ባለ አንድ ወረዳ የአምቡላንስ ሾፌር ናቸው። የሚያሽከረክሩት ባለ 12 ቮልት ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ ሲሆን ከኋላው ሁለት ቀይ፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ፣ እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ የሃሎጅን መብራቶች ተገጥመውለታል። እንዲህ ይላሉ፦ «መብራቶቹ ወደኋላ ስሄድና ፍሬን ስይዝ በራሳቸው እንዲበሩ ብዬ አንድ ሽቦ ከፍሬን መብራቱ፣ አንድ ሽቦ ደግሞ ከኋላ ማርሽ መብራቱ ስቤ ከቀዮቹ ጋር ቋጠርኳቸው። አሁን የአደጋ መብራቱን ሳበራ ፍሬን መብራቱም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፍሬን ስረግጥ ደግሞ ነጩ የኋላ ማርሽ መብራት ይበራል። የፍሬኑ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ሁለት ጊዜ ስለተቃጠለብኝ በባለ 20 ተካሁት። አንድ ባለሙያ ዳዮድ ብቻ ብታስገባ ይበቃሃል አለኝ። ይበቃል ወይ? ካልበቃስ እንዴት ላያይዘው?»

ወደ ማብራሪያው ከመግባቴ በፊት ዛሬውኑ መደረግ ያለበት ነገር አለ። ያን ባለ 20 አምፔር ፊውዝ አውጥተው በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን መጠን ይመልሱ፤ የቋጠሯቸውን ሁለቱን ሽቦዎችም ይፍቱና ጫፋቸውን ለየብቻ ይሸፍኑ። ብዙ ሰው ፊውዝ አምፖልን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው። ከፔዳሉ ተነሥቶ እስከ ኋላ የሚሄደው የፍሬን መብራት ሽቦ ቀጭን ነው፤ ለሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች፣ ማለትም ለ3.5 አምፔር ያህል፣ ታስቦ የተዘረጋ ነው። በእሱ ላይ 20 አምፔር ሲፈቀድ፣ አንድ ቀን አንድ ቦታ ቢላጥና ቆርቆሮ ቢነካ፣ ፊውዙ ቆሞ እያየ ሽቦው ነው የሚቀልጠው፤ ያ ሽቦ ደግሞ ከሌሎች ጋር ታስሮ የኦክስጅን ሲሊንደርና በሽተኛ ባሉበት ክፍል ወለል ሥር የሚያልፍ መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ችግሩ ከየት እንደመጣ እንይ። አንድ ላይ የተቋጠሩ ሽቦዎች ለኤሌክትሪክ አንድ ሽቦ ናቸው፤ የትኛው ላኪ፣ የትኛው ተቀባይ እንዲሆን እንዳሰብን አያውቅልንም። ማብሪያውን ሲጫኑ ወደ ቀዮቹ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ወደ ፍሬኑም ወደ ኋላ ማርሹም አምፖል የተከፈተ መንገድ ያገኛል፤ ስለዚህ ሁሉም አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ፍሬን ሲረግጡም እንዲሁ ነው፤ ከፔዳሉ የመጣው ኤሌክትሪክ ቀዮቹን አብርቶ በዚያው ወደ ኋላ ማርሽ መብራቱ ያልፋል። ከሁለቱ ጥፋቶች የሚያስፈራኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ከአጋሮ ቁልቁለት ሲወርዱ ከኋላዎ ቡና የጫነ መኪና አለ እንበል፤ እርስዎ ፍሬን ሲይዙ ሰውየው ነጭ መብራት ያያል፤ ነጭ መብራት ማለት «ወደኋላ እየመጣሁ ነው» ማለት ስለሆነ፣ ሊያደርግ የሚገባውን ትቶ ሌላ ነገር ያደርጋል።

የፊውዙም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። ፍሬን በረገጡ ቁጥር በፍሬኑ ፊውዝ በኩል 42 ዋት የራሱ የፍሬን መብራት፣ 110 ዋት የሁለቱ ቀዮች፣ 42 ዋት ደግሞ ሳይጠራ የመጣው የኋላ ማርሽ መብራት፣ በድምሩ 194 ዋት ያልፋል። ይህ ለ12 ሲካፈል ከ16 አምፔር በላይ ነው። ባለ 10 ፊውዝ ይህን ያህል ሲጫንበት ሁልጊዜ በቅጽበት አይቃጠልም፤ ጥቂት ሰከንዶች ሊታገሥ ይችላል። ከተማ ውስጥ ነካ ነካ ሲያደርጉት ደኅና የነበረው ፊውዝ ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬኑ ለረጅም ጊዜ ሲያዝ፣ የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። መብራት የሌለው ፍሬን ይዘው የሚወርዱትም በዚያው ቁልቁለት ላይ ነው።

ዳዮድ ይበቃል ያሉዎት ባለሙያ ግማሹን እውነት ነግረውዎታል። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ አንዳንድ ቢገባ መብራቶቹ እርስ በርስ መነካካታቸውን ያቆማሉ። ሸክሙ ግን አይቀልም፤ የፍሬኑ ፊውዝ አሁንም 152 ዋት፣ ወደ 12.7 አምፔር፣ ሊሸከም ነው። ከዚህም ሌላ በየሱቁ የሚሸጠው ትንሹ ጥቁር ዳዮድ፣ 1ኤን4007 የሚባለው፣ አቅሙ 1 አምፔር ብቻ ስለሆነ በ9 አምፔር አይቆይም። ትልቅ ዳዮድ ቢገኝ እንኳ በላዩ ላይ 1 ቮልት ገደማ ስለሚቀር 9 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከቆርቆሮ ኋላ የተደበቀ የ9 ዋት ምድጃ ማለት ነው።

እንግዲህ ከፍሬኑና ከኋላ ማርሹ ሽቦ የምንፈልገው ወሬ ብቻ ነው፤ «ተረግጧል»፣ «ማርሹ ገብቷል» የሚል ወሬ። መልእክተኛን ሸክም አያሸክሙትም። ሸክሙን የሚሸከመው ከባትሪው በራሱ ፊውዝ የመጣ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ወሬውን ሰምቶ ያን ወፍራም ሽቦ የሚከፍትና የሚዘጋው ደግሞ ሪሌ ነው።

ሪሌን በየቀኑ ለሚነካ ሰው ይህ ድግግሞሽ ይሆንበታል፤ ይሁን እንጂ ከሥሩ የተጻፉትን ቁጥሮች ሳያነብ የሚያያይዝ ብዙ ስለሆነ ልበለው። ባለ አምስት እግር ሪሌ 30፣ 85፣ 86፣ 87 እና 87ኤ የሚሉ ቁጥሮች አሉት። በ85 እና በ86 መካከል መጠምጠሚያው አለ፤ 86 ላይ ፖዘቲቭ፣ 85 ላይ ማሳ (ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር የተያያዘው የመኪናው ብረት) ሲያገኝ «ጠቅ» ይላል። 30 የጋራው እግር ነው፤ ሪሌው ሲተኛ ከ87ኤ ጋር፣ ሲነሣ ከ87 ጋር ይገናኛል። የባለ 12 ቮልቱ መጠምጠሚያ የሚወስደው 0.15 አምፔር ገደማ ነው። ቅድም ለቀዮቹ ሲባል 9 አምፔር ይጨመርበት የነበረው የፍሬን ሽቦ አሁን 0.15 ብቻ ሲጨመርበት መኖሩንም አያውቀውም። መጠምጠሚያው ሲጠፋ ከመቶ ቮልት በላይ ሊደርስ የሚችል ቅጽበታዊ ግፊት ወደኋላ ስለሚመልስ ያ ትንሹ 1ኤን4007 እዚህ ጋ ቦታ ያገኛል፤ በ85 እና በ86 መካከል፣ ነጭ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ 86 ሆኖ ይገባል። ዳዮዱ ከውስጥ ያለበት ሪሌ ከገዙ 85ን እና 86ን ማቀያየር አይቻልም፤ ከተቀያየሩ ዳዮዱ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ወደ ማሳ ይለቀዋል።

ወሬውን የምንቀዳበት ቦታ ደግሞ መመረጥ አለበት። የፍሬኑን ከፔዳሉ በላይ ካለው ማብሪያ መቅዳት ይቻላል፤ እዚያ ሁለት ሽቦ ያገኛሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት፣ ሌላው ሲረገጥ ብቻ የሚያገኝ ነው፤ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። በሃርድቶፕ ላይ ግን ሥራው ያለው ከኋላ ስለሆነ፣ ከኋላ መብራቱ ጀርባ ካለው ሶኬት መቅዳት ሽቦ ያሳጥራል። የኋላ ማርሹ ማብሪያ ካምቢዮው ላይ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያገኘውም ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ሲፈትሹ ሞተሩን ያጥፉ፣ ጎማውን በድንጋይ ያስይዙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ቁልፉን ይክፈቱና ማርሹን ወደኋላ ያስገቡ፤ ከዚያ በቴስተር ይለኩ። የሽቦ ቀለም አይመኑ፤ ከእርስዎ በፊት ስንት ሰው እንደነካካው አይታወቅም። በቢጫ መጠቅለያ የታሰረ የኤር ባግ ሽቦ ካዩ በመርፌም ቢሆን አይንኩት።

አሜሪካ ሠራሽ ፒክአፕ ለሚነኩ አንባቢዎች አንድ ማስታወሻ ልጨምር፤ ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ላይ የፍሬኑና የፍሬቻው መብራት አንድ ክር ስለሆነ፣ ከኋላ መብራቱ ላይ ከተቀዳ ፍሬቻ ባሳዩ ቁጥር ሪሌው አብሮ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ እዚያ የግድ ከፔዳሉ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮና ኤ.ቢ.ኤስ. (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ የፍሬኑን ሽቦ የሚያዳምጡት መብራቶቹ ብቻ አይደሉም። የእርስዎ ዓይነት ቋጠሮ እዚያ ላይ ቢሠራ፣ የአደጋ መብራቱ በበራ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሾፌሩ ፍሬን የያዘ ይመስለዋል፤ ማርሹም ፍሬን ሳይረገጥ ከፓርክ ሊወጣ ይችላል።

ወደ ሪሌው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ከፍሬኑ ሽቦ ጋር ከቀጠሉበት መቀጠያ ቀጥሎ፣ አንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ባለ 1 አምፔር ትንሽ ፊውዝ ያስገቡ። ይህች ፊውዝ ብዙ ባለሙያ የሚዘላት ናት፤ እኔ ግን ያለ እሷ ሥራ አላስረክብም። ነገ ሪሌው ውኃ ቢገባው ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ቢላጥ፣ እሷ ተቃጥላ ጉዳቱ እዚያው ይቆማል፤ ያለ እሷ ግን የሚቃጠለው የፍሬኑ ዋና ፊውዝ ነው፤ ለተጨማሪ ጌጥ ሲባል ዋናው ጠፋ ማለት ነው። መቀጠያውንም ሽቦውን ሳይልጡ ነክሶ በሚይዘው በሰማያዊው ፕላስቲክ አይሥሩት። ያ ነገር የሽቦውን ክሮች በከፊል ይቆርጣል፤ ለእኛ አገር ጭቃም የተሠራ አይደለም። የፍሬኑን ሽቦ ሳይቆርጡ ከላዩ ትንሽ ይላጡ፣ አዲሱን ይጠምጥሙበት፣ በስታኞ ይበይዱት፣ ከዚያ በደንብ ይሸፍኑት።

ወደ ኋላ ማርሹ ልለፍ። እዚህ ላይ ከጥያቄዎ ትንሽ እለያለሁ። መብራቱ በራሱ መብራቱን እደግፋለሁ፤ ቀዩ መሆኑን ግን አልደግፍም። ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ ለሰው የሚለው «መንገድ ልቀቁ፣ ነፍስ ይዣለሁ» ነው። አምቡላንሱ ጋራዥ ሲገባም፣ ነዳጅ ሊቀዳ ወደኋላ ሲጠጋም ይህንኑ ካለ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የባጃጁ ልጅ ዞር ብሎም አያየውም። ወደኋላ ሲሄዱ ማለት የሚፈልጉት «ተጠንቀቁ» ብቻ ነው፤ የዚያ ቀለም ብርቱካናማ ነው። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ብርቱካናማ ኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ከኋላ በወገብ ከፍታ ይጨምሩ፤ ብልጭ ድርግሙን የሚሠራው ክፍል ከውስጣቸው ያለ ስለሆነ ሌላ ፍላሸር አይፈልጉም።

አያያዙ ቀላል ነው። ከኋላ ማርሹ ሽቦ በትንሿ ፊውዝ በኩል ወደ 86፤ ከ85 ወደ ማሳ፤ ከባትሪው የመጣው ወፍራም ሽቦ ወደ 30፤ ከ87 ወደ ብርቱካናማዎቹ። መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ በሽተኛ ሲጫንም እነዚሁ መብራቶች በእጅ እንዲበሩ ከፈለጉ (እንዲፈልጉም እመክራለሁ) ከኩሩሽኮቱ አንድ ማብሪያ ይሳቡና ሁለቱን ወሬዎች በሁለት ዳዮድ ወደ አንዱ 86 ያምጧቸው፤ የሁለቱም ነጭ መስመር ወደ ሪሌው ይዞራል። ያን ጊዜ ማብሪያው ሲበራ የኋላ ማርሽ መብራቱ አይነካም፣ ማርሹ ሲገባም ማብሪያው አይነካም። ዳዮዶቹ 0.7 ቮልት ቢያስቀሩም ሪሌው በ8 ቮልት ገደማ ስለሚነሣ አይቸገርም። ያ ባለሙያ ያሉት ዳዮድ ትክክለኛ ቦታው እንግዲህ ይህ ነው፤ ወሬ በሚያልፍበት እንጂ ሸክም በሚያልፍበት አይደለም።

በዚሁ ሽቦ ላይ የኋላ ማርሽ ጩኸት ማከልም ይቻላል። ከመብራቱ ይልቅ ጩኸቱ ነው ሰው የሚያድነው ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ። በጎማ ወረዳ ወይም በሊሙ በኩል ቡና መካከል በገባች ጠባብ መንገድ ምጥ የያዛትን እናት ጭኖ መዞሪያ ያጣ አምቡላንስ ብዙ መንገድ ወደኋላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ከኋላ ያለው መኪና ሳይሆን ጀርባውን የሰጠ ሕፃን ወይም በቅሎ የሚጎትት ሰው ነው። ነጭ ጠንካራ መብራት ከኋላ መጨመር የሚሹም አሉ፤ ለጨለማ መንገድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወደ ታች ተደፍቶ ይገጠም፤ አለበለዚያ ወደ ሕክምና ማዕከሉ በር ስትጠጉ «ና፣ ና» እያለ የሚመራዎትን ሰው ዓይን ያጠፋል፤ እርስዎም በስፔኪዮ ከእሱ ጥላ በቀር ምንም አያዩም።

አሁን የፍሬኑ። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የአደጋ መብራት ብልጭ ድርግም እንዲል ማድረግን አልመክርም። ብዙ ሰው አውሮፓ ሠራሽ አዳዲስ መኪኖች በድንገት ሲቆሙ ፍሬን መብራታቸው ብልጭ ድርግም ሲል አይቶ ነው ይህን የሚጠይቀው። ያ ግን ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 48 መሠረት የሚሠራው መኪናው ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲሄድና ፍሬኑ እጅግ በኃይል ሲያዝ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 4 ጊዜ ያህልም ይበራል። የእርስዎ ፔዳል ማብሪያ በጣት ነካ ማድረግንና በሙሉ ኃይል መርገጥን አይለይም። ሁልጊዜ የሚጮህ ደግሞ የሚሰማው የለም።

ፍሬኑ ለአደጋ መብራቱ ማድረግ ያለበት ተቃራኒውን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጸጥ ማሰኘት። ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሁለት ባለ 55 ዋት ቀይ መብራቶች በ21 ዋት ፍሬን መብራት አጠገብ ብልጭ ድርግም ሲሉ፣ ከኋላ ያለው ሾፌር ፍሬኑ መያዙን በምን ያውቃል? እኔ ራሴ ከእንዲህ ያለ አምቡላንስ ኋላ በባጃጅ ተቀምጬ፣ የቆመ መሆኑን ያወቅሁት የባጃጁ ልጅ አፉን ከፍቶ መሪውን ሲጠመዝዝ ነው። የአደጋ ተሽከርካሪ ብልጭታ በዚያው በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 65 በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ የሆነ ነው፤ በእነዚያ ብልጭታዎች መካከል የፍሬኑን መብራት የሚፈልግ ዓይን ይደክማል።

ስለዚህ በአምስተኛው እግር፣ በ87ኤ፣ እንጠቀማለን። ከፍላሸሩ የሚመጣው ሽቦ ወደ 87ኤ ይገባል፤ ከ30 ወደ ሁለቱ ቀይ መብራቶች ይወጣል፤ 87 ላይ ደግሞ ከፍላሸሩ በፊት ያለውን፣ የማይቆራረጠውን ፖዘቲቭ እናስገባለን። 86 በትንሿ ፊውዝ በኩል ከፍሬኑ ወሬ ይቀበላል። ፍሬን ባልተያዘ ጊዜ ቀዮቹ እንደ ልማዳቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ሲረገጥ ሪሌው ይነሣና ቀጥ ብለው ይበራሉ፣ የፍሬን መብራቱ አጋር ይሆናሉ፤ ሲለቀቅ ወደ ብልጭታቸው ይመለሳሉ። ልብ ማለት ያለብዎት 87 ላይ የሚገባው ፖዘቲቭ ከባትሪው በቀጥታ ሳይሆን ከአደጋ መብራቱ ማብሪያ በኋላ ካለው፣ ማብሪያው ሲበራ ብቻ ከሚነሣው ሪሌ መምጣቱን ነው። እንዲህ ሲሆን ማብሪያው በጠፋበት ተራ ጉዞ ላይ ፍሬን ቢረግጡም ቀዮቹ ጨርሶ አይነኩም።

ይህ ለቀይ ብቻ ነው። መብራቱ ሰማያዊ ከሆነ ቀጥ ብሎ የበራ ሰማያዊ ለማንም ምንም ስለማይል፣ 87ን ባዶውን ይተዉት፤ ፍሬን ሲረገጥ ሰማያዊው ይጠፋል፣ የፍሬኑ ቀይ ብቻውን ይታያል። ቀዮቹን አንድ ቀን በኤል.ኢ.ዲ. ከቀየሩም አያያዙ ይለወጣል፤ ፍላሸሩ ከውስጥ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ቀጥታ ቢሰጡትም ብልጭታውን አይተውም። አንዳንዱ ስሪት ቀጥ አድርጎ የሚያበራ የራሱ ቀጭን ሽቦ አለው፤ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ወረቀት ያንብቡ፤ ከሌለው ማጥፋቱ ይሻላል። የፍሬቻ ፍላሸር ለኤል.ኢ.ዲ. መጠቀም ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ አሮጌው ዓይነት በአምፖሉ ሸክም ሞቆ የሚሠራ ስለሆነ ሸክም ሲያጣ ወይ አይሠራም ወይ ያብዳል።

ሽቦውን በተመለከተ፣ ከባትሪው እስከ ኋላ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል ብንል፣ ባለ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በ9.2 አምፔር 1.7 ቮልት ይበላል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ በብዙ ስለሚወድቅ፣ መብራቱ ከሲሶ በላይ ብርሃኑን መንገድ ላይ ጥሎ ይደርሳል። በባለ 2.5 ግማሽ ቮልት ብቻ ነው የሚጠፋው፤ እሱን ይግዙ። ከባትሪው ራስ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፤ ፊውዙ ከኋላ ከሆነ በመካከል ያለውን ሽቦ ማንም አይጠብቀውም። ባለ 24 ቮልት ከባድ መኪና ያላቸው አንባቢዎች ሪሌውንም አምፖሉንም ባለ 24 ይግዙ፤ ከሁለቱ ባትሪዎች መካከል 12 ቮልት መቅዳት አንዱን ባትሪ ሲያራቁት ሌላውን ከልክ በላይ ያስሞላዋል፤ ሁለቱንም ይገድላቸዋል።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ሥራ የሚበላሸው በንድፉ ሳይሆን በክረምቱ ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ የኋላ መብራቱ «አንዳንዴ የሚሠራ፣ አንዳንዴ የማይሠራ» አንድ አምቡላንስ መጣልኝ። ከፓራውልቱ በላይ የተጠቀለለውን የሽቦ ፕላስተር በምላጭ ስከፍተው ከውስጡ ቡናማ ውኃ ፈሰሰ፤ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በጣቴ ላይ ቀረ፤ ስስበው እንደ በሰበሰ ክር ያለ ድምፅ ተበጠሰ። ፕላስተር ውኃ አይከላከልም፤ ውኃውን አቅፎ ያቆየዋል እንጂ። በእሳት የሚኮማተረውንና ከውስጡ ሙጫ ያለበትን ቱቦ ይጠቀሙ። ሪሌዎቹን ከውስጥ፣ ከወለሉ ከፍ አድርገው፣ እግራቸውን ወደ ታች አዙረው ይግጠሙ፤ እግሩ ወደ ላይ የዞረ ሪሌ ውኃ የሚጠራቀምበት ጽዋ ነው። ሽቦ ቆርቆሮ በሚበሳበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ያስገቡ። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው፤ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «ለዛሬ ይበቃል» ብዬ ያለ ጎማ ያሳለፍኩት ሽቦ በሦስተኛው ወር ተፍቆ ማሳ ነክቶ መኪናውን ከመንገድ አስቀረብኝ፤ ባለቤቱ ለዓመታት ባየኝ ቁጥር ያነሣዋል።

ማሳውንም አይርሱ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ይፋቁ፣ ክብ ጫፍ በብሎን ይሰሩ፣ ከላይ ግራሶ ይቀቡት። መብራቱ በርቶ ሳለ በመብራቱ ነጌቲቭና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል ሲለኩ ከ0.3 ቮልት በላይ ካዩ ማሳዎ ደካማ ነው፤ ደካማ ማሳ ደግሞ ልክ እንደ እርስዎ የአሁኑ ቋጠሮ መብራቶችን በማይገባቸው ጊዜ ያበራል፤ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል ይመለሳልና። ብዙ ጊዜ «ሪሌው ነው» ተብሎ ሦስት ሪሌ ከተቀየረ በኋላ ጥፋቱ የዛገ ብሎን ሆኖ ይገኛል።

ሕጉን በሚመለከት ባጭሩ፤ ይህ ሁሉ የተጻፈው በመንገድ ትራፊክ ደንቡ የመንገድ ቅድሚያ ለሚሰጣቸው የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪዎች ነው፤ ለግል መኪና ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ የሚገጥም ሰው ከእኔ ምክር አይፈልግ። መኪናው የመንግሥት ንብረት ስለሆነም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጽሕፈት ቤትዎን በጽሑፍ ያስፈቅዱ፤ የሽቦዎቹን መስመር በእጅ ሥለው አንዱን ቅጂ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ያስቀምጡ። ለቦሎ ሲቀርቡ የሚታየው ፍሬን መብራቱ እንደ ፍሬን መብራት፣ የኋላ ማርሹም እንደ ኋላ ማርሽ መሥራቱ ነው፤ እርስዎ የጨመሩት ነገር ሁለቱን እስካልነካ ድረስ የሚያሰጋዎት የለም።

ሲጨርሱ በቀን ብርሃን አይፈትሹት፤ ሲመሽ አንድ ሰው 20 እርምጃ ያህል ከኋላ ያቁሙና ያየውን ጮክ ብሎ ይንገርዎት። የአደጋ ማብሪያው ጠፍቶ ፍሬን ይርገጡ፤ ማየት ያለበት የፍሬኑን ቀይ ብቻ ነው። ማብሪያው በርቶ ፍሬን ይልቀቁ፤ ብልጭታ ብቻ። በርቶ ይርገጡ፤ ሁሉም ቀዮች ቀጥ ብለው። ማብሪያውን አጥፍተው፣ ፍሬኑን ለቀው ማርሹን ወደኋላ ያስገቡ፤ ነጭና ብርቱካናማ፣ ቀይ የለም። ማርሹ ገብቶ ፍሬን ይርገጡ፤ ሁለቱም በየፊናቸው፣ አንዱ የሌላውን ሳይነካ። በመጨረሻም ከፍሬኑ ሽቦ የተቀዳችውን ያቺን ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ነቅለው በእጅዎ ይያዙና ፍሬኑን እንደገና ይርገጡ። ከኋላ ያለው ሰው «በርቷል» ካለ ፊውዟን መልሰው ክዳኑን ይዝጉ፤ «የለም» ካለ ከፍሬኑ ሽቦ ላይ የተቆረጠ ነገር አለና ያን ሌሊት መኪናውን አያንቀሳቅሱት።